አጎቱ ስንት ጊዜ ይሙት?

ሸረሪት ሰው (ስፓይደርማን) የሚሆነውን ፒተር ፓርከርን ሸረሪት ስትነክሰው በ2002 አየን (የፊልሞቹ ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። አጎቱ ቤን ሲገደልም አዘንን። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ2012፣ ተዋናዩ ተቀየረና ሸረሪቷ እንደገና ነከሰች። አጎትየውም እንደገና ሞተ። እዚህ አሜሪካ ሲኒማ ቤት ገብቼ፣ ለትኬትም ለፓርኪንግም ከፍዬ፣ የደረስኩትን ለቅሶ ዳግመኛ እንድደርስ መደረጌ በጣም ያናድደኛል።

ባትማንስ? በ2005 ወላጆቹ መንገድ ላይ ተገደሉ። በ2016 ደግሞ የእናቱ የዕንቁ ሐብል ተበጥሶ ሲበተን ቀስ አድርገው አሳዩን። ገጸ ባሕሪው እኮ ከ1939 ጀምሮ ያለ ነው! ወላጆቹ መሞታቸውን ያልሰማ ማን ቀረ?

ደብረ ብርሃን ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ይህ አይገባውም። ብዙ ጊዜ የምንገባው ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ ነበር። ብርዱን ሸሽተን፣ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን። «ምን ሆኖ ነው?» ስትል፣ አጠገብህ ያለው ልጅ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «ሸረሪት ነክሳው ነው፤ አጎቱን ገድለውበታል፤ ዝም ብለህ እይ» ይልሃል። አለቀ። የሚጎድልህ ነገር የለም።

የእኛ ሰው ይህን ያውቅበታል። መንዝና ተጉለት ሠርግ ላይ የሚፎክር ሰው ዘሩን ይቆጥራል፤ ግን በአንድ ትንፋሽ «የእገሌ ልጅ» ብሎ ወደ ጀብዱው ነው። አፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ መወለዳቸውን ለሸዋ ሽማግሌ ማን ቁጭ ብሎ ይተርክለታል? ወሬው የሚነሳው በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ካመለጡበት ነው፣ ወይም ከዓድዋ። ተናጋሪው ሰሚውን ያምነዋል። ሆሊውድ ግን አያምነንም። የሚከነክነኝ እሱ ነው።

«አዲሱ ትውልድ አላየውም» ይላሉ። የድሮው ፊልም እኮ የትም አልሄደም፤ ልጁ ስልኩ ላይ ያገኘዋል። መነሻው እንደገና መተረክ ያለበት ገና ያልተነገረ ነገር ሲኖረው ነው። የ2005ቱን ባትማን እስከዛሬ የምወደው ለዚህ ነው። ሰውየው የት እንደሠለጠነ፣ ልብሱንና መኪናውን ከየት እንዳመጣ በደንብ ያሳየን እሱ ነው። ስለዚህ የወላጆቹን ሞት ብታይም አይቆጭህም።

ደግነቱ እየገባቸው ይመስላል። ተዋናዩ ቶም ሆላንድ በ2016 ሸረሪት ሰው ሆኖ ሲመጣ ኃይሉን ይዞ ነው የመጣው። የ2022ቱ ባትማንም ግድያውን ሳያሳየን አለፈ። የ2025ቱ ሱፐርማን ጭራሽ ከሽንፈት ነው የሚጀምረው። ከየት እንደመጣ በጥቂት መስመር ጽሑፍ ይነግሩንና ሰውየው ተደብድቦ በረዶ ላይ ይወድቃል። ሲኒማ ቤት ውስጥ በደስታ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም።

ደብረ ብርሃን ያለው የእህቴ ልጅም አይቶት ደወለልኝ። ከዚያ በፊት አንድም የሱፐርማን ፊልም አላየም። የጠየቀኝ ግን የሱፐርማን ውሻ ለምን እንደማይታዘዝለት ነው። ስለ ውሻው ብዙ አወራን፤ ሱፐርማን ስለመጣበት ፕላኔት ስለ ክሪፕተን አንድም ቃል አልተነሳም።