የእንግሊዝኛ መምህር ዕቅዱን ይጻፍ ወይስ ይተወው?

ሁለት የድሬዳዋ መምህራን ናቸው የሚከራከሩት። ሁለቱም እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ እሷ ከዚራ፣ እሱ ሳቢያን። የተነሣው ጥያቄ አጭር ነው፦ ለየፔሬዱ ሌሰን ፕላን መጻፍ ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ይበላል?

ይጻፍ (የከዚራዋ)

ሌሰን ፕላን ሲባል ብዙ መምህር የሚታየው ዲፓርትመንት ኃላፊው የሚፈርምበት ቅጽ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከፔሬዱ በፊት ቁጭ ብሎ ስለ ልጆቹ ማሰብ። የታሰበው ካልተጻፈ ደግሞ ክፍል በር ላይ ይጠፋል።

ክፍሌ ውስጥ አፋቸውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የፈቱ ልጆች አብረው ይቀመጣሉ። ስህተታቸው አንድ አይደለም። ሶማሊኛ የ"ፐ" ድምፅ ስለሌለው "ፔን" ለብዙዎቹ "ቤን" ይሆንባቸዋል። አማርኛ ተናጋሪው እዚያ ላይ አይቸገርም። እሱን የሚያስቸግረው የእንግሊዝኛው "መርከብ"ና "በግ" ነው፤ በእኛ ፊደል ሲጻፉ እንኳ ሁለቱም "ሺፕ" ናቸው። ይህን ቀድሜ ካላሰብኩ ለማን ምን ልስጥ?

አንድ ቀን "ፐ"ን ላለማምድ ከደብተር ቀጫጭን ወረቀት ቀድጄ ገባሁ። ወረቀቱን ከከንፈር ፊት ይዘው "ፔን" ሲሉ ትንፋሹ ይገፋዋል። "ቤን" ሲሉ ወረቀቱ እምብዛም አይነቃነቅም። ልጁ ልዩነቱን በዓይኑ ያየዋል። ግን ቬንትሌተሩ እየዞረ ነበር። የሁሉም ወረቀት ይውለበለባል፤ ማን እንደቻለ አይለይም። 40 ደቂቃው እንዲሁ ሄደ። ለቀጣዩ ሴክሽን ዕቅዴ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ "መጀመሪያ ቬንትሌተሩን አጥፊ።" ሠራ።

ዓላማ ላይም እንደዚያው ነው። "ተማሪዎች ያለፈ ጊዜን ይረዳሉ" ተብሎ ይጻፋል። መረዳታቸው በምን ይታያል? "ትናንት ያደረጉትን አምስት ነገር ጎናቸው ላለው ልጅ ይናገራሉ" ከተባለ ግን፣ ደወል ሲደወል መሆን አለመሆኑ ይታወቃል።

ይቅር (የሳቢያኑ)

እህቴ፣ የወረቀቷን ነገር ወድጃታለሁ፤ እኔም እሞክራታለሁ። ግን ያቺን መስመር ያመጣልሽ ክፍሉ ነው። ቀድመሽ የጻፍሽው ዕቅድማ ቬንትሌተሩን አላየውም።

እኛ ጋ የሚሆነውን ደግሞ እንነጋገር። መምህሩ እሁድ ማታ የሳምንቱን ቅጽ ይሞላል። መግቢያ 5 ደቂቃ፣ ገለጻ 15 ደቂቃ። የአምናው ይገለበጣል፣ ቀኑ ይቀየራል፣ ይፈረምበታል። እኔም ለዓመታት አድርጌዋለሁ። አንድም ቀን ፈራሚው "ይህ ለየትኞቹ ልጆች ነው?" ብሎኝ አያውቅም። በዚያ ሰዓት የልጆቹን ድርሰት ባርምበት ይሻለኝ ነበር።

ድሮ ደቻቱ ወንዝ ዳር አስተምር ነበር። አንድ ሚያዝያ ዕቅዴ ላይ ምንባብ ነበረ። መስኮት ዳር የተቀመጠችው ልጅ "ደቻቱ መጣ!" አለች። አሸዋ ሆኖ የሚከርም ወንዝ ደጋው ላይ ሲዘንብ እንዴት ባንዴ እንደሚሞላ ድሬ ያደገ ያውቀዋል። ክፍሉ በሙሉ ተነሣ። መጽሐፉን ዘጋሁና ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ አንዱ "ሃዝ ካም"፣ አንዱ "ኬም" ያለበት። "ውሃው አሁን እዚህ አለ ወይስ ትናንት መጥቶ ሄዷል?" አልኳቸው። በአማርኛ "መጥቷል"ና "መጣ"፣ በኦሮምኛ "ዹፌራ"ና "ዹፌ" እንደማለት ነው። ስንጮህ ሁሉንም "መጣ" እንላለን እንጂ ልዩነቱ አፋችን ውስጥ አለ። ሦስት ሳምንት እምቢ ያለኝ ሰዋስው በ10 ደቂቃ ገባቸው።

ስለ እንግሊዝኛ ማስተማር የሚጽፈው ስኮት ቶርንበሪ በ2000 እ.ኤ.አ. ዶግሜ የሚባለውን ሐሳብ ያነሣው ለዚሁ ነበር። መምህሩ በመጽሐፍና በወረቀት ክምር አይታጠር፣ ትምህርቱ ከተማሪው አፍ ከሚወጣው ይነሣ ነው የሚለው።

የከዚራዋ መልስ

ወንድሜ፣ ሌሎቹ ሴክሽኖችህስ? በማግስቱ የገባህባቸው ልጆች መስኮት ላይ ምንም አላዩም። ፈተናው ግን የሁሉም አንድ ነው።

ደግሞ "ሃዝ ካም"ን በዚያች ደቂቃ ያወጣኸው ለዓመታት ስላስተማርከው ነው። ያለ ወረቀት አልነበርክም፤ ወረቀቱ ጭንቅላትህ ውስጥ ነበር። ዘንድሮ ተመርቃ የመጣችው ልጅ ይህ የላትም። 60 ተማሪ ፊት ስትቆም የሚይዛት ነገር ትፈልጋለች። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ባዮሎጂውም ሂሳቡም በእንግሊዝኛ ነው። የእኛ ፔሬድ ሲባክን የእነሱም ይባክናል። ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ።

የሳቢያኑ

በጀማሪዋ ረትተሽኛል። ትጻፍ። ስለ ሴክሽኖቹም እውነትሽን ነው፤ በማግስቱ ያንኑ ለመድገም ሞክሬ አልሆነልኝም።

ቅጹን ግን አልቀበልም። ከፔሬዱ በፊት አንድ መስመር ይበቃል፦ ልጆቹ ምን ማድረግ ይችላሉ? የቀረው ከፔሬዱ በኋላ ይጻፍ። የት ቆምን፣ ማን ምን ሳተ፣ ነገ ከየት እንነሣለን። ኃላፊው የሚፈርም ከሆነም እዚያ ላይ ይፈርም። ያኔ ከአምናው መገልበጥ አይቻልም።

የከዚራዋ

በኋላ የሚጻፈውን ከነገ ጀምሬ እጽፋለሁ። አንድ መስመር ግን አይበቃኝም፤ ደቂቃዎቹንም እጽፋለሁ። ምክንያቱም ትናንት ያለፉትን የሁለት ሳምንት ዕቅዶቼን ዘርግቼ ሳያቸው፣ የልጆቹ ንግግር ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የተጻፈው። ደወል ሲደርስ የምቆርጠውም እሱን ነበር። ለነገ 2፡30 መጀመሪያ ላይ አድርጌዋለሁ፤ 15 ደቂቃ፣ ሁለት ሁለት ሆነው። የእኔ ገለጻ ከዚያ በኋላ ነው።