ደወሉ ሲደወል ቦርሳ ይከፈታል

ለ፦ ክብርት የባንኮና የካታሎግ ምሽት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ 10 ዶላራችን ይመለስልን ስለማለት

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከቦርሳችን በስተቀር በጣም ደህና ነን።

ክብርት ሆይ፣ ባለፈው ቅዳሜ ማታ ስላሳዩን ቸርነት ሳናመሰግን ብንቀር ነውር ነው። ግብዣው በቫይበር ሲደርሰን «ባንኮ እንጫወት፣ መግቢያ 10 ዶላር፣ ትንሽ የሚታይ ዕቃም ይኖራል» ይል ነበር። «ትንሽ» የሚለው ቃል በእኛ ቤት ስንት እንደሚሸከም ያውቁታል፤ «ትንሽ ቅመሱ» ተብለን ስንት እንጀራ አጥፈናል። የሚታየው ዕቃ በካታሎግ የሚሸጥ የቤት ዕቃ ሆኖ ተገኘ፤ ሻጭም አብረው መጥተው ነበር።

ስለረሱት ብቻ ሕጉን እናስታውስዎ። ባንኮ በዳይስ፣ ማለትም በስድስት ፊቷ ከ1 እስከ 6 ባለባት የምትወረወር ኩብ፣ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ 12 ሰው፣ 3 ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው 4 ወንበርና 3 ዳይስ። ፊት ለፊት የተቀመጡት አንድ ወገን ናቸው። በመጀመሪያው ዙር የሚፈለገው ቁጥር 1 ነው፣ በሁለተኛው 2፣ እንዲህ እየተባለ እስከ 6። የተፈለገው ቁጥር በወጣበት ዳይስ ልክ አንድ አንድ ነጥብ ይያዛል። ሦስቱም ሌላ ቁጥር ሆነው ቢመሳሰሉ 5 ነጥብ። ሦስቱም የተፈለገውን ቁጥር ይዘው ከተገኙ ግን «ባንኮ!» ተብሎ ይጮኻል፣ 21 ነጥብ ነው። ተጫዋቿ ነጥብ እስካገኘች ትወረውራለች፤ ባዶ ሲወጣባት ለቀጣይዋ ታቀብላለች። ዋናው ጠረጴዛ ላይ አንደኛው ወገን 21 ሲሞላ ደወል ይደወላል፣ በየጠረጴዛው ያለው ሁሉ እጁን ያነሳል፣ ያሸነፈ ወደ ላይኛው ጠረጴዛ ይሄዳል፣ ከዋናው የተሸነፈ ታች ይወርዳል። ችሎታ አይጠይቅም፣ ወሬ አያቋርጥም፣ ሳምንቱን ሙሉ ስታስብ የከረመች ሴት አንጎሏን በር ላይ ከጫማዋ ጋር አውልቃ የምትገባበት ጨዋታ ነው።

ከዚያ ጸጉራሟ ዳይስ አለች። ቡጢ የምታክል፣ እንደ አሻንጉሊት ድብ የለሰለሰች። ባንኮ ያለች ሁሉ ትታቀፋታለች፣ ሌላዋ ባንኮ ስትል ደግሞ ክፍሉን አቋርጣ ትወረወርላታለች። የመጨረሻው ደወል ሲደወል በማን እቅፍ እንዳለች ይታይና የማታው የመጨረሻ ሽልማት ለዚያች ይሰጣል። ሦስት ዳይስ አንድ ጊዜ ሲወረወር ባንኮ የመሆን ዕድሉ ከ216 አንድ ነው። ስለዚህ ጸጉራሟን ያቀፈች ሴት ብትዘል አይፈረድባትም።

ቅዳሜ ዕለት የዘለለችው ከደብል ሺፍት ቀጥታ የመጣች እህታችን ነበረች፤ የሥራ ጫማዋ እንኳ ከእግሯ አልወጣም። የመጨረሻው ጨዋታ፣ ስድስተኛው ዙር፣ ሦስት ስድስት። እልልታው እስከ ፓርኪንግ ድረስ ተሰማ። ጸጉራሟ ዳይስ በአየር ላይ መጣችላት፣ በሁለት እጇ ቀለበቻት፣ ደረቷ ላይ አጣበቀቻት። ወዲያው ደወሉ ተደወለ። ጨዋታው አለቀ፣ አሸነፈች።

ያን ጊዜ ሻጭ ቀን መቁጠሪያ አወጡ።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ቀጣዩን ምሽት የምታስተናግጂው አንቺ ነሽ። ቅዳሜ 14 ይሻልሻል ወይስ ቅዳሜ 21?»

ክብርት ሆይ፣ በዚያች ደቂቃ ፊቷን አይተውታል? እኛ አይተነዋል። በመጀመሪያ ሳቀች፣ ቀልድ መስሏት። ከዚያ የሻጭን እስክሪብቶ አየች፤ ክዳኑ ተነቅሏል። ከዚያ እኛን አየችን። አይኖቻችን ወደ ካታሎጉ ወረዱ፤ በዚያች ቅጽበት የወጥ ጭልፋ ገጽ ምን ያህል እንደሚያስደምም ልንነግርዎ አንችልም። ልጅቱ ከሁለት ሴቶች ጋር ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት የምትኖር ናት። 3 ጠረጴዛና 12 ወንበር ይቅርና ከአራት ሰው በላይ ከመጣ አንዷ አልጋ ላይ ትቀመጣለች። ይህን ለማለት ግን አሥር ሰው ፊት ድህነትን መናዘዝ ያስፈልጋል። «እሺ» አለች። «21 ይሁን።»

ጸጉራሟ ዳይስ የት እንደገባች ይጠይቁን ይሆናል። ሻጭ ከእቅፏ ወሰዷት። ለሚቀጥለው ምሽት ታስፈልጋለች አሉ፤ የድርጅቱ ንብረት ናት።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የመጣነው 11 ነበርን። 12ኛው ወንበር ላይ እንደ ደንቡ ጎስት ተቀመጠች፤ የሌለችው፣ ከፊት ለፊቷ ያለችው ወገኗ የምትወረውርላት። 11 ሲባዛ በ10፣ 110 ዶላር። ይህ ገንዘብ በባንኮ ወግ በጥሬው ተከፍሎ ብዙ ባንኮ ላለች፣ ብዙ ዙር ላሸነፈች፣ ብዙ ለተሸነፈችና የመጨረሻውን ባንኮ ለያዘች ይሰጣል። ብዙ የተሸነፈችም ትሸለማለች፤ የጨዋታው ደግነት እዚህ ላይ ነው። ቅዳሜ ዕለት ግን ሁሉም አሸናፊ አንድ ዓይነት ኤንቨሎፕ ተሰጣት፦ ከ75 ዶላር ጀምሮ ለምትገዛው ዕቃ 20 ፐርሰንት ቅናሽ። 15 ዶላር ሽልማቷን ለማግኘት 60 ዶላር ከኪሷ ታወጣለች ማለት ነው። 110 ዶላሩስ? በአስተናጋጇ ስም ዕቃ ታዘዘበት። ለምን ቢሉ፣ የምሽቱ ሽያጭ በጨመረ ቁጥር የአስተናጋጇ ነጻ ዕቃ ይጨምራል፣ የሻጭ ኮሚሽንም እንዲሁ። እኛ ዳይስ ስንወረውር የሰው ቤት ድስት እየሞላን ነበር።

ከዚያ የትዕዛዝ ወረቀቱ ዞረ። በአንድ ገጽ ላይ ስም፣ ዕቃ፣ ዋጋ፤ እያንዳንዷ ከእሷ በፊት ያለችው ስንት እንዳወጣች እያየች ትሞላለች። እቁብ እንኳ እንዲህ አያጋልጥም። ሻጭ በመጨረሻ ጮክ ብለው ቆጠሩና «አንድ ሰው ብቻ ያልገዛ አለ» አሉ። ጎስት ነበረች። ደግሞም በዚያ ምሽት ከሁላችን የበለጠ ዙር ያሸነፈችው እሷ ናት፤ ኤንቨሎፗን አስተናጋጇ ተቀበሉላት።

የቀድሞ ቅሬታዎቻችንን ባጭሩ እናስመዝግብ። በዓርብ ጾም የአይብ መፈቅፈቂያ ማሳየትዎ። ቡና እየተቆላ፣ እጣን እየጨሰ፣ በላዩ ባለ ቫኒላ ሻማ ማብራትዎ። የድስቱን የማይጣበቅነት ለማሳየት ዘይት የፈሰሰበት ጠረጴዛ ላይ ዳይስ ማስወርወርዎ፤ ዳይስ በዘይት ላይ አይንከባለልም፣ ይንሸራተታል፣ ወለል ላይ ይወድቃል፣ «የወደቀ ተራ ያስቀራል» በሚባልበት ቤት ደግሞ ተራ ያስበላል። ካታሎግ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥዎም እንዲሁ፤ ዳይሱ ካታሎጉን ተደግፎ በጠርዙ ይቆማል፣ አራት ነው አምስት ነው ተብሎ ይጨቃጨቁበታል፣ ዳግም ይወረወራል። ዳይስ የሚፈልገው ባዶ ጠረጴዛና ድምፅ የሚያፍን ወፍራም ጨርቅ ብቻ ነው።

የማስተዋወቂያ ሰዓትዎ ግን በአንድ መስመር አይታለፍም። አንድ ዙር ሲፈጥን 5፣ ሲዘገይ 10 ደቂቃ ነው። በየዙሩ መሃል «አንዲት ነገር ላሳያችሁ» እያሉ 10 ደቂቃ ሲወስዱ፣ በአንድ ጨዋታ አምስት ክፍተት አለና 50 ደቂቃ፣ በሁለት ጨዋታ 100 ደቂቃ የእርስዎ ሆነ። ጨዋታው የሚሞተው በሰዓቱ ማጠር አይደለም። ባንኮ የሚሞቀው ደወል፣ መነሳት፣ ወንበር መቀየር፣ አዲስ ወገን፣ ደወል ሲከታተሉ ነው። ነጥብ የሚገኝበት ውርወራ ከግማሽ በታች ነው፤ ፍጥነቱ ከተወሰደ የቀረው ባዶ የሚወጣ ዳይስ እየተያዩ መቀመጥ ነው። አንድ ሰው ተነስቶ ስለ ክዳን አሥር ደቂቃ ካስረዳ በኋላ «የት ነበርን? ሦስት ነው አራት?» ይባላል። ደወሉ የዋናው ጠረጴዛ ነበር፤ ቅዳሜ ግን በሻጭ እጅ ውሎ አመሸ።

አያትዎ የተፐርዌር የቤት ግብዣ እንዲህ አልነበሩም እንላለን፣ ግማሽ እውነት ስለሆነ። የፕላስቲክ ዕቃ ኩባንያው ተፐርዌር በ1951 ዕቃውን ከሱቅ አውጥቶ በየቤቱ ግብዣ ብቻ ሲሸጥ ምክንያት ነበረው፤ ክዳኑ አየር አስወጥቶ እንዴት እንደሚታሸግ በዓይን ካልታየ ሰው አይገባውም ነበር። የቤት ግብዣውን ያስፋፋችው ብራውኒ ዋይዝ በ1954 የቢዝነስ ዊክ መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በ1958 ከኩባንያው ተባረረች። ኩባንያው ራሱ በሴፕቴምበር 2024 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። እርስዎ ደግሞ የሚያሳዩን የ34 ዶላር ሻማ ነው። ክብርት ሆይ፣ ሻማ እንዴት እንደሚበራ በየፋሲካው ሌሊት ስንለማመድ ኖረናል።

እንግዲህ አንድ የሚከብደን ነገር አለ። ሻጭ ያንን ሁሉ ያስረዱት በአማርኛ ነው፣ «የኔ ቆንጆ» እና «እህቴ» ሳይቀር። የሰጡን ወረቀት ግን በእንግሊዝኛ ነበር፣ ከታች በጉንዳን ፊደል። በዚህ አገር የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኩሊንግ ኦፍ የሚባል ደንብ አለው። ከሻጭ ቋሚ ሱቅ ውጭ የገዛች ሴት እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት መሰረዝ ትችላለች፤ በገዛ ቤቷ ከሆነ ከ25 ዶላር ጀምሮ፣ በሌላ ቦታ ከሆነ ከ130 ጀምሮ። እሑድና የፌዴራል በዓል አይቆጠሩም፣ ስለዚህ የቅዳሜ ማታ ግዢ እስከ ረቡዕ እኩለ ሌሊት ይሰረዛል። ሻጭ ይህን በቃል መናገር፣ የስረዛ ቅጹንም በሁለት ኮፒ መስጠት አለባት። ደረሰኙም ዕቃው በተሸጠበት ቋንቋ መሆን አለበት። በአማርኛ ካግባባሽ በአማርኛ ጻፊ ነው ሕጉ።

አንዷ የ140 ዶላር ድስት ፈርማ ወጥታለች። ገንዘቡ በወሩ መጨረሻ ለእናቷ የምትልከው ነው። አንቺ ታውቂ ነበር፤ ማን ለማን እንደምትልክ፣ ማን ኪራይ እንደዘገየባት፣ ማን «አይ» ማለት እንደማትችል ታውቂያለሽ፣ ምክንያቱም በቡናው ላይ ተቀምጠሽ ስትሰሚ ነበር። ዳይሱን የመረጥሽው ለዚህ ነው። 10 ዶላር ከፍላ የገባች ሴት የማንም ባለዕዳ አይደለችም፤ ተጫውታ፣ ተሸንፋ፣ ስቃ ትሄዳለች። አንቺ ግን ዕድሏንም ይሉኝታዋንም አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ በሁለቱም በላሽ።

ይቅርታ፣ አንቱታው አመለጠን። እንመለስ።

ክብርት ሆይ፣ ሁለቱን ማጣመር ግድ ከሆነብዎ እንዲህ ያድርጉት። ግብዣው ላይ ሽያጭ መሆኑ በመጀመሪያው መስመር ይጻፍ። ማሳያው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጨዋታ መሃል፣ ሰው ሁሉ ሳህን ይዞ በሚቆምበት 15 ደቂቃ ይሁን። ዕቃው ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ትዕዛዝ በየግል ወረቀት ይሞላ፣ ባዶውም ወረቀት ታጥፎ ከሞላው ጋር አንድ ሳጥን ይግባ። የመግቢያው ገንዘብ በጥሬው ይሸለም፣ ሻጭ መሸለም ከፈለጉ ከራሳቸው ይጨምሩ። ደወሉ ለዋናው ጠረጴዛ ይመለስ። ጸጉራሟ ዳይስ ከማንም ቀጠሮ ጋር አትገናኝ።

ስለ ስምዎ አንድ ነገር ብቻ፦ ባንኮ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ማጭበርበር ማለትም ነው፤ አጭበርባሪ የሚያድነው የፖሊስ ክፍል ባንኮ ስኳድ ይባል ነበር። ስም አውጪዎ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ።

ከሰላምታ ጋር
11ዱ

ግልባጭ፦
ለጎስት፣ ባለችበት
ለጸጉራሟ ዳይስ፣ በሻጭ ቦርሳ ውስጥ

ማሳሰቢያ፦ ለቅዳሜ 21 ሁላችንም እንመጣለን። ታጣፊ ወንበር ይዛችሁ ኑ ተብለናል።