ሰው የማይበዛበትን ቀን ፍለጋ

«በክረምቱ ልጆቹን ፍሎሪዳ ልወስዳቸው አስቤአለሁ» ብዬ በስልክ ስነግራት፣ አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ለአፍታ ዝም ብላ «ምነው ልጄ፣ በዚህ ዝናብ ልጅ ከቤት ይወጣል?» አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ለእኔ ትውልድ ተማሪ የጭቃ፣ የዣንጥላና የተጠበሰ በቆሎ ወራት ስለነበሩ፣ ሜሪላንድ ውስጥ 18 ዓመት ከኖርኩ በኋላም የትምህርት ቤቱን ዕረፍት የምጠራው «ክረምት» እያልኩ ነው፤ የማወራው ግን የመኪና በር እጀታ እጅ ስለሚያቃጥልበት ወቅት ነው። ይህ የስም ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት ነበር። ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ በመጀመሪያው የኦርላንዶ ጉዟችን ስለ ፀሐዩም ስለ ሕዝቡም ያሰብኩት አገር ቤት እንደለመድኩት ነበር።

ያኔ በሐምሌ አጋማሽ ከ800 ማይል በላይ ነድተን ከደረስን በኋላ፣ በማግስቱ ደክሞን አርፍደን ተነሣንና ከአንዱ የመጫወቻ ፓርክ በር የቆምነው ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነበር። ኦርላንዶ በሐምሌ በአማካይ እስከ 33 ዲግሪ ሴልሲየስ ትሞቃለች፤ ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አያስደነግጥም፤ ድሬዳዋ የኖረ ሰው እንዲያውም ይስቅበታል። ሰውን የሚጥለው ላብ እንዳይደርቅ የሚያደርገው ወበቅ ነው። የአንዱ ጨዋታ ሰልፍ 90 ደቂቃ፣ የሌላው 75 ደቂቃ ይላል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ትንሿ ልጄ ፊቷ በርበሬ መስሎ ነስር ሲጀምራት፣ የቀረውን ጊዜ በሕክምና መስጫው ክፍል በአየር ማቀዝቀዣ ሥር አሳለፍነው። ለአራት ሰው የከፈልነውን ገንዘብ ላየናቸው ሁለት ጨዋታዎች ሳካፍለው ባለቤቴ «በቃ፣ አታስላው» ብላ ስልኬን ወሰደችብኝ።

ለመጽናኛ ያህል፣ ይህ ስህተት የእንግዳ ሰው ስህተት ብቻ አይደለም። ዲዝኒላንድ የተባለው የመጫወቻ ፓርክ በካሊፎርኒያዋ አናሃይም ከተማ በሐምሌ 1955 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሩን ሲከፍት፣ ቀኑ ከባድ ሙቀት ስለነበረበትና አስፋልቱ ገና ስላልጠነከረ የሴቶቹ ተረከዝ ይሰምጥ እንደነበር፣ በቧንቧ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ምክንያትም በቂ የመጠጥ ውኃ እንዳልነበረ ተጽፏል። ሰልፉና ሙቀቱ ከፓርኩ ጋር በአንድ ቀን ተወለዱ ማለት ይቻላል። በጥቅምት 1971 የተከፈተው የዚያው የዲዝኒ ኩባንያ የኦርላንዶ ፓርክ፣ ማጂክ ኪንግደም፣ ደግሞ በ2023 ከ17 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ አስተናግዷል፤ ለ365 ቀን ቢካፈል በቀን ከ46 ሺህ ሰው በላይ ይደርሳል።

አሜሪካኖቹ ይህንን ሕዝብ የሚያመልጡበት ጥበብ አዳብረዋል፤ ጥበቡም በአብዛኛው የትምህርት ቤቶችን የቀን መቁጠሪያ ማንበብ ነው። የደቡብ ግዛቶች ልጆች ግንቦት መጨረሻ ላይ ተለቅቀው በነሐሴ መግቢያ ወደ ክፍል ይመለሳሉ። የፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው በፈረንጆቹ ኦገስት 10 አካባቢ ይከፈታሉ። የሰሜኖቹ ግን ሰኔ አጋማሽ ወይም መጨረሻ ላይ ተለቅቀው እስከ ኦገስት መጨረሻ፣ አንዳንዶቹም እስከ ሌበር ደይ (የሴፕቴምበር መግቢያው የሠራተኞች በዓል) ማግስት ያርፋሉ። ስለዚህ የፍሎሪዳ ልጆች ክፍል ከገቡበት ቀን አንሥቶ የእኛ የሜሪላንድ ልጆች ወደ ክፍል እስከሚመለሱበት ቀን ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል የምትሆን ጠባብ መስኮት ትገኛለች፤ በሳምንቱ ውስጥም ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉት ቀናት ይመረጣሉ። ሙቀቱ በዚያ ጊዜም አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምክር ማለዳ መድረስ ነው። በሩ ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ቆሞ የሚገኝ ቤተሰብ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት የሚያየው፣ ከእኩለ ቀን በኋላ የመጣው እስከ ማታ ከሚያየው ሊበልጥ ይችላል። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ወደ ማረፊያ ተመልሶ መተኛት፣ ፀሐይ ስትበርድ ደግሞ መመለስ ይመከራል። ይህንን ባለፈው ዓመት ሳነብ እንደ አዲስ ግኝት ተቀብዬው ነበር፤ ኋላ ግን አባቴ ትዝ አለኝ። ወደ ጎጃም በምንሄድበት ጊዜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ቀስቅሶን፣ 11 ሰዓት ሳይሞላ አውቶቡስ ተራ አድርሶን፣ ሻንጣው ላይ ያስቀምጠን ነበር። «ማልዶ የወጣ መንገዱን ፀሐይ አይቀድመውም» ይል የነበረ ሰው ልጅ፣ ለሽርሽር ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ መድረሱ ከየት የመጣ ስንፍና እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት እኛ ዘንድ ማልዶ መነሣት ለመንገድና ለቅዳሴ እንጂ ለጨዋታ ስላልነበረ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ነገር ግን አገር ቤት ያደገ ሰው ከማንም በተሻለ ያውቀዋል። በበጋቸው ወራት ከአትላንቲክ በኩልና ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል የሚገቡት ሁለት የባሕር ነፋሶች በፍሎሪዳ መሬት ላይ ተገናኝተው እርጥቡን አየር ወደ ላይ ስለሚገፉት፣ በአብዛኞቹ ቀናት ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ነጎድጓድ የተሞላ ዝናብ ይወርዳል። ልክ የአዲስ አበባ ሐምሌ! ብዙ ጎብኚ በዚያ ሰዓት ጋሪውን እየገፋ ወደ መኪናው ይሮጣል። እኛ ግን ከአንድ ሱቅ ጣሪያ ሥር ቆመን «እስኪያባራ» ብለን የመጠበቅ የዕድሜ ልክ ልምድ አለን። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያባራል፤ መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ ሰልፉም አጥሮ ይገኛል። በሁለተኛው ጉዟችን ከፈረንጅ ምክር ሁሉ ይልቅ የጠቀመን ይህ ነበር።

ስለ ወረፋው ጥቂት ልበል። ዲዝኒ በ1999 የጀመረው «ፋስት ፓስ» የሚባል የወረፋ ማስያዣ ለሁሉም ነፃ ነበር፤ ከ2021 ወዲህ ግን በፍጥነት ማለፍ የሚፈልግ ሰው ተጨማሪ ይከፍላል፤ መስመሩም «ላይትኒንግ ሌን» ይባላል፤ የመብረቅ መስመር መሆኑ ነው። የመግቢያው ዋጋም እንደ ቀኑ ግርግር ከፍ ዝቅ ይላል፤ በጣም በሚጨናነቁ ቀናት የማጂክ ኪንግደም የአንድ ቀን ቲኬት 200 ዶላር ገደማ ይደርሳል። መጀመሪያ ሳየው ተናድጄ ነበር፤ አንድ ሰዓት የቆመውን ልጅ አሁን የመጣው ልጅ እየሳቀ ሲያልፈው ማየት ደስ አይልም። ሆኖም አገር ቤት ለመታወቂያም ለስኳርም ስንሰለፍ ከኋላ በር ይገባ የነበረውን ሰው ሳስታውስ፣ ንዴቴ ትንሽ ያፍራል። እኛ ዘንድ ወረፋ የሚዘለለው በትውውቅ ነበር፤ ዋጋው አይታወቅም፤ ያልታወቀው ዋጋ ደግሞ ለዘመድ አልባ ሰው ማለቂያ የለውም። እዚህ ዋጋው በስልክ ላይ ተጽፎ ይታያል። የትኛው ይሻላል ብባል የተጻፈውን እመርጣለሁ፤ ሁለቱንም ግን አልወደውም። ደግነቱ እውነተኛው መብረቅ ሲመጣ ከቤት ውጭ ያሉት ጨዋታዎች ይቆማሉ፤ የከፈለውም ያልከፈለውም በአንድ ጣሪያ ሥር ይጠለላል።

ሌላ ያስገረመኝ የልጅ ትርጉም ነው። በዲዝኒ ቲኬት ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በነፃ ይገባል፤ 10 ዓመት የሞላው ግን በአዋቂ ዋጋ ይከፍላል። በታክሲ ጭን ላይ ተቀምጦ ሳይከፍል የሚሄደው፣ እግሩ መሬት እየነካም «ሕፃን ነው» ተብሎ ለረዳቱ የሚማለለት የእኛ አገር ልጅ ይህንን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

ከዚህ ሁሉ ዝግጅት መሃል ግን አንድ ያልተመቸኝ ነገር አለ፤ እሱም የዕቅዳችን ሁሉ ግብ ሰውን መሸሽ መሆኑ ነው። በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን፣ ከ1984 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ወደሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር ስንሄድ፣ ወሩ ያው ሐምሌ ነው፤ ፀሐዩ ያው ፀሐይ ነው፤ ከስታዲየሙ ውጭ ለአንድ ሰሐን ጥብስ የሚጠብቀው ሰልፍ ከፓርኩ ሮለር ኮስተር (ሽቅብ ቁልቁል ከሚሮጠው የመጫወቻ ባቡር) ሰልፍ አያንስም። «መቼ ነው ሰው የሚቀንሰው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አንድም ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ሰው ከቀነሰማ «ዘንድሮ ቀዝቅዟል» ተብሎ ይታማል። አገር ቤትም እንዲሁ ነው። ቁልቢ ገብርኤል በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ሲነግሥ፣ ጥምቀት ጃን ሜዳ ላይ ሲከበር፣ ሕዝቡ የመጣው ሕዝቡ ስላለ ጭምር ነው። ወንድሜ ልጆቹን ወደ አንድነት ፓርክ ወይም ወደ እንጦጦ የሚወስዳቸው በበዓል ቀን ነው፤ ሰው በሚበዛበት ቀን። ለምን በሥራ ቀን አትሄድም ስለው «ባዶ ሜዳ ምን አየሁ ብለው ያወራሉ?» አለኝ። በክረምት እንጦጦ ላይ ያለው ችግር ደግሞ የሙቀት ተቃራኒ ነው፤ ወደ 3 ሺህ ሜትር በሚጠጋው ከፍታ ላይ ልጆቹ የሚለምኑት ጥላ ሳይሆን ሹራብ ነው።

ልዩነቱን በባሕል ብቻ መግለጥ ግን ትክክል አይመስለኝም። በዓል ላይ የሚጨናነቀው ሰው የሚሻማው ነገር የለም፤ ታቦቱን ሁሉም በአንድ ጊዜ ያየዋል፤ ዝማሬው ለሺውም ለሚሊዮኑም አንድ ነው። በፓርኩ ግን በአንዱ ጀልባ ላይ የሚቀመጡት ጥቂት ሰዎች ስለሆኑ፣ ከፊቴ የቆመ እያንዳንዱ ሰው ከልጄ ደቂቃ ላይ ይወስዳል። የመጫወቻው አሠራር ራሱ ነው ጎረቤትን ወደ ተቀናቃኝ የሚለውጠው፤ እኔም ሰልፉ ውስጥ ቆሜ ከፊቴ ያለውን ቤተሰብ ስቆጥር ራሴን ይዤዋለሁ።

ዘንድሮ እናቴ ልትጠይቀን ስለምትመጣ ከእኛ ጋር ትሄዳለች። ቀኑን ለመምረጥ የትምህርት ቤቱን፣ የፍሎሪዳንና የቤተ ክርስቲያንን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ዘረጋሁ። ያቺ ሰው የሚቀንስባት ጠባብ መስኮት አብዛኛዋ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ወደቀች፤ ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። ፓርክ ውስጥ የጾም ምግብ ፍለጋ መንከራተቷ አሳስቦኝ ስለ ነገሩ በስልክ ሳማክራት፣ «ለመሆኑ ስንቅ ይዞ መግባት ክልክል ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም፤ በዲዝኒ ፓርኮች ማሞቅ የማያስፈልገው ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ የሚከለከለው የጠርሙስ ዕቃና የአልኮል መጠጥ ነው። የበረዶ ውኃም ፈጣን ምግብ ከሚሸጡት ቤቶች በነፃ ይሰጣል። «እንግዲያው ቆሎ እቆላለሁ፤ ስለ እኔ አታስብ» አለችኝ። ከጥቂት ዝምታ በኋላ ደግሞ «ያልከው ሳምንት ውስጥ ቡሄ የለም እንዴ?» አለች።

ነሐሴ 13 ዘንድሮ ረቡዕ ይውላል፤ መመሪያዎቹ ሁሉ ከሚመርጧቸው ቀናት አንዱ ነው። ቲኬቱን ለዚያው ረቡዕ ቆረጥኩ። እናቴ ሙልሙሉን ማክሰኞ ማታ በሆቴሉ ምድጃ እንደምትጋግረው ወስናለች፤ ልጆቹ ደግሞ የ«ሆያ ሆዬ» ግጥሙን ከአሁኑ እንዲያጠኑ በስልክ ታዝዘዋል፤ በሰልፉ ላይ ይጨፈር እንደሆነ ግን ገና አልተስማማንም።