«ሰው የለኝም» እንዳንል

ባለፈው ሚካኤል፣ ማኅበራችን ላይ የተገኘነው 9 ነን። አባላቱ 24 ነን። ድፎው ተቆርሶ ታደለና ብዙው እዚያው ሞሰቡ ላይ ቀረ። ተረኛዋ እዚህ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ የሚኖሩ እናት ናቸው። የተረፈውን ዳቦ እያዩ «ምን አጠፋሁ?» አሉ። ምንም አላጠፉም። ድምፃቸው ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፤ ይህን እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

የጽዋ ማኅበር ውስጥ ላልነበራችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በወር አንድ ቀን በመልአክ ወይም በጻድቅ ስም ከአባላቱ አንዱ ቤት እንሰበሰባለን። ካህን ይጸልያል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ በመጎናጸፊያ የተሸፈነው ጽዋ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ሰብሳቢውን ሙሴ እንለዋለን። ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቼም የቤት ለቤት ኅብረት አላቸው፤ አደራረጉ ቢለይም የሚፈለገው ነገር አንድ ይመስለኛል።

ታዲያ ለምን ቀራችሁ ብዬ አንዳንዶቹን ጠየቅኩ። «ስብከቱን በስልኬ እሰማለሁ» ያለኝ አለ። እኔም እሰማለሁ፣ ብዙም ተምሬበታለሁ። ግን ነሐሴ 2015 ዓ.ም.ን እናስታውስ። በአማራ ክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ቆየ። ዩቲዩቡም ቴሌግራሙም ዝም አለ።

በዚያው ሰሞን አንድ ጡረተኛ መምህር ማኅበር ቀሩ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሙሴያችን የእሳቸውን ድርሻ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ «ቀርተው አያውቁም» እያለ በእግሩ ሄደ፤ እኔና ሌላ አንድ ሰው ተከተልነው። በሩን ብናንኳኳ መልስ የለም። ገፋ አድርገን ስንገባ ብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ። ወባ ጥሏቸው ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ራስጌያቸው ያለው ጆግ ደርቋል። ስልካቸው ውስጥ ቀድመው ያወረዷቸው ስብከቶች ሞልተዋል፤ ውኃ የሚያቀብላቸው ግን አልነበረም። ደግፈን፣ አንዳንዴም ተሸክመን እስከ አስፋልቱ አወጣናቸውና በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው።

ከዚያ ወዲህ በዐቢይ ጾም 4ኛው እሑድ የመጻጉዕ፣ የዚያ የአልጋ ቁራኛ በሽተኛ፣ ወንጌል ሲነበብ ልቤ ይነካል። ሰውዬው 38 ዓመት ታሟል። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ሲጠይቀው አዎ እንኳ አላለም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ከበሽታው እኩል ያቆሰለው ይህ ይመስለኛል። የቅፍርናሆሙ ሽባ ደግሞ ጣራ ነድለው የሚያወርዱት አራት ሰዎች ነበሩት፤ ማርቆስ ሲጽፍ ጌታ «እምነታቸውን አይቶ» ይላል። እምነቱን አላለም፣ እምነታቸውን ነው ያለው! የታመመ ሰው የራሱ ጸሎት አልወጣ ሲለው የሌሎቹ እምነት ይሸከመዋል ማለት ነው።

«እኔና እግዚአብሔር እንበቃለን» የሚሉም አሉ። ዓለምን ትቶ የመነነው እንኳ እንደዚህ አይልም። በአንድነት ገዳም ሥርዓት መነኩሴው የግል ጓዳ የለውም፤ ሥራውም ማዕዱም የጋራ ነው።

ብዙዎቹ ያልነገሩኝ ዋናው ምክንያት ግን ወጪው ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሁላችንም ነው። ማኅበራችን ሲጀመር ዳቦ፣ ጠላ፣ ቆሎ ነበር። አንዱ ዶሮ ጨመረ። ቀጣዩ ከእሱ ማነስ አልፈለገም፣ ቢራ በሳጥን አስገባ። ከዚያ ወንበር ኪራይ መጣ። በዚህ ኑሮ ውድነት የወር ደመወዙ ለጤፍና ለቤት ኪራይ የማይበቃው ሰው ተራው ሲቃረብ መጀመሪያ «አሞኝ ነው» ይላል፣ በሚቀጥለው ወር «መንገድ ሄጄ ነበር» ይላል፣ ከዚያ ስልክ ማንሳት ያቆማል፤ እኛም «እምነቱ ቀዘቀዘ» ብለን እናማዋለን። አልቀዘቀዘም፣ አፍሮ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የገሠጸው በዚሁ ነው፤ አንዱ ይራባል፣ ሌላው ይሰክራል፣ የሌላቸውን ታሳፍራላችሁ ብሎ። ድሃ አፍሮ የሚቀርበት ቤት ድግስ እንጂ ማኅበር አይባልም።

ስለዚህ ድግሱን እንቀንስ፣ መሰብሰቡን አንተው። ዶሮው ይቅር፣ ቢራው ይቅር። ዳቦ መጋገር ያልቻለም ካለ ሁለት ሦስት ሆነን አብረን እንጋግርለት፤ ይህ ለጽዋው ውርደት የለውም።

የሚቀጥለው ወር ተራ የእኔ ነው። ዳቦ፣ ጠላና ቆሎ ብቻ እንደሚሆን ለሙሴያችን ነግሬዋለሁ። እስከዚያ እኔና እሱ የቀሩትን 15 አባላት ቤት ለቤት እንዞራለን፤ በቴክስት መጥራት ይህን ነገር አያድነውም። ትናንት ለመምህሩ ደውዬ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና «ቆሎውን ለእኔ ተውልኝ» አሉኝ።