የአምልኮ መጋቢው ሰኞ ምን ይሠራል?

በጀት በምናጸድቅበት የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ አንድ ወንድም እጁን አውጥቶ ጠየቀ፦ «የአምልኮ መጋቢያችን እሑድ መዝሙር የሚመራው አርባ ደቂቃ ነው። ለአርባ ደቂቃ የሙሉ ጊዜ ደመወዝ የምንከፍለው በምን ሒሳብ ነው?» ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም። የምዕመናንን አሥራት በአደራ የያዘ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ነው። ያሳዘነኝ የእኛ ዝምታ ነው። ጠረጴዛውን ከብበን ከተቀመጥነው መካከል አንድም አጥጋቢ መልስ የሰጠ አልነበረም። ከሃያ ዓመት በላይ ኪቦርድ የተጫወትኩት፣ ከሦስት የአምልኮ መጋቢዎች ጋር ያገለገልኩት እኔም ቃል አጠረኝ። ያን ቀን ያልመለስኩትን ዛሬ ልመልስ። ጥያቄው በእኛ ቤት ብቻ የሚነሣ እንዳልሆነም አውቃለሁ።

መዝሙር መምረጥ ከውጭ ሲያዩት ከሚወዱት አምስቱን ነቅሶ ማውጣት ይመስላል። በየእሑዱ አምስት መዝሙር ቢዘመር በ52 እሑዶች 260 ምርጫ ነው። ስብከት አንዴ ተሰምቶ ያልፋል፤ ማስታወሻ የያዘው እንኳ ከወር በኋላ ርዕሱን ካስታወሰ ትልቅ ነገር ነው። መዝሙር ግን ይደጋገማል። ዕቃ ሲታጠብ፣ መንገድ ሲኬድ፣ ሕፃን ሲተኛ ከአፍ አይለይም። አምስት ዓመት በአንድ ቤተ ክርስቲያን የቆየ ምዕመን ስለ እግዚአብሔር ሸምድዶ ከሚያውቀው አብዛኛው በአምልኮ መጋቢው እጅ ያለፈ ነው። ሰባኪ ቢሳሳት ጠያቂ አለው። ግጥም ቢሳሳት ግን ዜማው እስካማረ ድረስ ሁላችንም እጃችንን አንሥተን እንዘምረዋለን። ያመነ ሰው አይታመምም፣ አያጣም ብሎ የሚሰብክ ሰው ቢመጣ ከመድረክ እናወርደዋለን፤ ያው ቃል በጥሩ ዜማ ሲመጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆቻችን ሸምድደውት እናገኛቸዋለን። ስንኞቹን አንድ በአንድ ከቅዱሱ መጽሐፍ ጋር አመሳክሮ «ደስ ይላል፤ ግን እውነት ስላልሆነ አንዘምረውም» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ይህ የነገረ መለኮት ሥራ ነው። የሚሠራውም በሥራ ቀን፣ ብቻውን፣ ማንም «አሜን» ሳይለው ነው።

አብሬያቸው ካገለገልኳቸው መጋቢዎች አንዱ የማይለየው ደብተር ነበረው። በየገጹ የእሑዱን መዝሙሮች ይጽፋል፤ ከጎናቸው ደግሞ በእርሳስ የሰው ስም። መጀመሪያ የጸሎት ርዕስ መስሎኝ ነበር። በኋላ ስጠይቀው በዚያ ሳምንት ሐዘን የገባባቸው፣ ሥራ ያጡ፣ ሆስፒታል የተኙ ሰዎች ስም መሆኑን ነገረኝ። ዝርዝሩን ሲያወጣ እነዚያ ሰዎች ያንን መዝሙር ሲሰሙ ምን እንደሚሆኑ እያሰበ ነበር የሚያወጣው።

አንድ ዓርብ ማታ ደወለልኝ። አንድ ቤተሰብ ልጃቸውን ቀብረዋል። ለእሑድ ያጠናነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የድል መዝሙር ነበር። «ሁለቱን እንቀይር» አለ። ተጫዋቾቹ አጉረመረሙ፤ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ደክመንበታል። እውነቱን ለመናገር እኔም አጉረመረምኩ። እሑድ እናትየው መጥታ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከጭብጨባው በፊት አንድ ቀስ ያለ መዝሙር ዘመርን፤ «ጌታ ሆይ፣ እስከ መቼ?» የሚል ጥያቄ ያለበት። እሷ አልዘመረችም። ግን ተነሥታ አልወጣችም። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሐዘን የገጠማቸው ሰዎች ከበሮው ሲጀመር በጎን በር ሲወጡ ከኪቦርዱ ጀርባ ሆኜ አይቻለሁ፤ ለምን እንደወጡ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ከ150ዎቹ መዝሙረ ዳዊት ሲሶ ያህሉ ልቅሶና ጩኸት ነው። በአርዕስቱ የኤማን ስም የተጻፈበት መዝሙር 88፣ በሌላው አቆጣጠር 87፣ እንደ ብዙዎቹ ወደ ምስጋና ሳይዞር በጨለማ ያበቃል። ያንን ጸሎት የቀደሙት ሰዎች ከመዝሙር መጽሐፋቸው አላወጡትም። የእኛን የመዝሙር ዝርዝር ሳገላብጥ ግን እንዲህ ያለ መዝሙር ለማግኘት ብዙ ገጽ መግለጥ ያስፈልጋል። ያዘነ ሰው በጉባኤ መካከል አፉን የሚከፍትበት ቃል ካጣ፣ እምነቱ ጎድሎ ሳይሆን ዝርዝሩ ጎድሎ ነው።

ኪይ ማውጣትም፣ ማለትም መዝሙሩ በምን ያህል የድምፅ ከፍታ እንደሚዘመር መወሰን፣ የእረኝነት ሥራ ነው፤ ይህንን ሙዚቀኛ ያልሆነ ሰው በቀላሉ አይረዳውም። መዝሙሩን ያወጣው ሶሎ ዘማሪ በስቱዲዮ የተቀዳበት ኪይ ለእሱ ድምፅ የተመረጠ ነው። ያልሠለጠነ ሰው ድምፅ ግን በምቾት የሚሄደው ከአንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) ብዙ አይርቅም፤ ጠዋት ደግሞ ድምፅ ይበልጥ ዝቅ ይላል። መሪው በራሱ ኪይ ሲያወጣው አዝማቹ ላይ ወንዶቹ ዝም ይላሉ፤ እናቶችም አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ድምፃቸው ይጠፋል። ከዚያ ማይኩን የያዘው ሰው ብቻውን ሲዘምር «ጉባኤው ዛሬ ቀዝቅዟል» እንላለን። ሕዝቡ አልቀዘቀዘም፤ ከፍ ብሎበት ነው። ጥሩ መጋቢ ሐሙስ ጥናት ላይ ሁለት ሦስት ኪይ ሞክሮ፣ ለራሱ ድምፅ የማይመቸውን ዝቅተኛውን መርጦ ይሄዳል። እሑድ ድምፁ ሳያምር ሕዝቡ ሲዘምር ሰምቻለሁ፤ ከዚያ የሚበልጥ አምልኮ አላውቅም።

በአንድ ወቅት ከዚሁ መጋቢ ጋር አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት እናት ልንጠይቅ ሄድን። ሰው መለየት ትተዋል፤ የልጃቸውን ስም እንኳ ያሳስቱ ነበር። መጋቢው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ «እማማ፣ አብረን እንዘምር?» አላቸው። አልመለሱም። በጣም ዝቅ አድርጎ፣ ሊያንጎራጉር ትንሽ ሲቀረው፣ በቤተ ክርስቲያናችን ለዓመታት የተዘመረ አንድ መዝሙር ጀመረ። በሁለተኛው ስንኝ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ በአዝማቹ ላይ ድምፅ ወጣቸው፤ ሦስቱንም አንቀጽ ቃል ሳያጓድሉ ጨረሱ። ሲያበቃ እጁን ይዘው «ልጄ፣ ነገም ና» አሉት። ያን ቀን የገባኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ይህንን መዝሙር ከብዙ ዓመት በፊት የሆነ ሰው መርጦታል፤ ደጋግሞ አስጠንቶታል፤ ሌላ አዲስ መዝሙር ሲመጣ እንኳ ከዝርዝሩ አላወጣውም። ያ ሰው ለእኒህ እናት የአልጋ ላይ ጸሎታቸውን ሲያዘጋጅላቸው ነበር። በየሳምንቱ አዲስ ብቻ የምታስዘምር ቤተ ክርስቲያን ለምዕመኖቿ እርጅና ምንም አላስቀመጠችም።

ስለ ወረቀቱና ስለ ገመዱ ብዙ አልልም። የአገልጋዮች ተራ ማውጣት፣ ኮርድ መጻፍ፣ ለፕሮጀክተር የሚሆነውን ግጥም ፊደል በፊደል ማረም፣ ለመዝሙሩ ባለቤት ፈቃድና መብት መጠንቀቅ፣ የተበላሸ ማይክ ማሠራት፤ ሁሉም ሰዓት ይበላል። የድምፁን መጠን ግን አልዘለውም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም በሚመክረው ገደብ መሠረት 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ግን ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው ጆሮ ሊሸከመው የሚገባው። ባንዱ ራሱን ለመስማት ሞኒተር (ወደ መድረኩ የዞረውን ድምፅ ማጉያ) ይጨምራል፤ ሳውንድ የያዘው ልጅ ዘማሪው እንዲሰማ ደግሞ የአዳራሹን ይጨምራል፤ በመጨረሻ ሰው የጎረቤቱን ድምፅ አይሰማም። ድምፅ መቆጣጠሪያው (ሚክሰሩ) አጠገብ ቆሞ «ቀንሱ» የሚል፣ ከፊት ወንበር ሕፃናት እንደሚቀመጡ የሚያስታውስ አንድ ሰው ሊኖር ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ከአገልጋዮቹ ጋር የሚደረገው ንግግር ነው። አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለች እኅት ድምፅዋ መውረድ ጀምሮ ነበር። ሁላችንም እንሰማለን፤ ማንም አይናገርም። መጋቢው መልእክት አልላከላትም፣ ስሟንም ከተራው ዝም ብሎ አላወጣም። ቤቷ ሄዶ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። እውነቱን ነገራት፤ ሕፃናቱን የቆዩትን መዝሙሮች እንድታስጠናም ለመናት። ለወራት ተቀይማ ነበር። እሱም በእነዚያ ወራት በየሳምንቱ ይደውልላት ነበር፤ አንዳንዴ አታነሣም። በኋላ ሕፃናቱን ያዘች። ጥናት ሲቀር የነበረውን ድራመርም እንዲሁ ሌላው «ሰነፍ» ሲለው እሱ ቤቱ ሄዶ ነው አባቱ ጥለዋቸው እንደሄዱ ያወቀው። እነዚህ ልጆች ለሰው ሁሉ መድረክ ላይ ይታያሉ፤ ስለ ነፍሳቸው የሚጠይቃቸው ግን ብዙ ጊዜ ይኸው አንድ ሰው ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ ይህ ሥራ እንደ ትርፍ ጊዜ አልተቆጠረም። በ1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 25 ዳዊት የአሳፍን፣ የኤማንንና የኤዶታምን ልጆች ለዝማሬ ሲለይ የሠለጠኑት ቁጥር 288 ነበር፤ በ24 ተራ ተከፍለው፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሆነው። ምዕራፍ 9 ላይ ደግሞ መዘምራኑ ቀንና ሌሊት በሥራቸው ላይ ስለነበሩ ከሌላ አገልግሎት ነፃ እንደነበሩ ተጽፏል። ያንን ጥያቄ የጠየቀው ወንድሜ ግን ከሁሉ በላይ ነህምያ 13ን እንዲያነብልኝ እወዳለሁ። ሌዋውያንና መዘምራን ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሄደው ነበር። ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ መዘምራኑን አልገሠጸም፤ «የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን ተተወ?» ብሎ የተከራከረው ከሹማምንቱ ጋር ነው። ከዚያ ሌዋውያኑንና መዘምራኑን ሰብስቦ በየቦታቸው አቆማቸው።

በሌላ ዘመንም ያው ነው። ጀርመናዊው የዜማ ደራሲ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በላይፕዚግ ከተማ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ኃላፊ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1730 ለከተማው ምክር ቤት ደብዳቤ ጽፏል። ለአንድ የመዘምራን ቡድን ቢያንስ 12፣ ቢቻል 16 ሰው እንደሚያስፈልግ ካስረዳ በኋላ ያሉትን ተማሪዎች ቆጥሮ አቀረበ፦ ለዝማሬ የሚበቁ 17፣ ገና የሚቀራቸው 20፣ ጭራሽ የማይበቁ 17። ያንን ሁሉ ዜማ የጻፈ ሰው ጊዜው እንዲህ ባለ ቆጠራና ልመናም ያልፍ ነበር።

የአምልኮ መጋቢዎች ሁሉ እንዲህ ይሠራሉ አልልም። መድረኩን ብቻ የሚወዱ፣ ሐዘንተኛ ቤት የማይታዩ፣ ለጥናት መጨረሻ የሚደርሱ አሉ። ግን ስንቀጥር በምን እንደምንመዝን እንይ። ማይክ ሰጥተን አንድ መዝሙር እናስዘምራለን፤ እንባችን ከመጣ «እሱ ነው» እንላለን። ስለ መጽሐፍ ቅዱስ እውቀቱ ጥቂት እንጠይቃለን፤ ልቅሶ ቤት ሲገባ ምን እንደሚል ጨርሶ አንጠይቅም። በድምፁ የቀጠርነውን ሰው በኋላ እረኛ አልሆነም ብለን ብንወቅሰው ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ለዚያ ወንድሜ መልሴ ይህ ነው፦ ደመወዙ ይከፈል፤ በሙሉ ይከፈል። ግን በሽማግሌዎች ጉባኤ ላይም ወንበር ይኑረው፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳዘነ ከሌላው መጋቢ እኩል ይስማ። ሰባኪው የእሑዱን ምንባብ ቅዳሜ ማታ ሳይሆን ከሳምንት በፊት ይስጠው። ነገረ መለኮት እንዲማር በጀት ይያዝለት፤ ለአዲስ ድምፅ ማጉያ ከምናወጣው የሚያንስ ገንዘብ ነው። በዓመት ጥቂት እሑዶች ደግሞ ከመድረክ ወርዶ ከቤተሰቡ ጋር ወንበር ላይ ተቀምጦ ያምልክ።

ሰኞ ምን ይሠራል ለሚለው፣ ማረፍ ነበረበት። እኔ እንዳየሁት ግን ሰኞ ስልክ ይቀበላል፦ «ድራሙ በዛ»፣ «ያ መዝሙር ለምን ቀረ?»፣ «ልጄ ለምን ተራ አልተሰጣትም?» ከነዚህ ደዋዮች አንዱ ለብዙ ዓመት እኔ ነበርኩ። ለመደወል ያሰባችሁ እባካችሁ ማክሰኞን ጠብቁ።