የበላይ አካል ሆኑልን

ሰሞኑን ሰፈሩ ሁሉ ባነር ሆኗል። «እንኳን ደስ አለን! ልጃችን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተመረጠልን!» ይላል። ያው እናንተም ሰፈር አለ፤ ፎቶው ብቻ ነው የሚለየው።

እኔም ደስ ብሎኛል። ለዓመታት በወረዳ ምክር ቤት ያገለገሉን ሰው አራት ኪሎ ሲገቡ ደስ የማይለው ምቀኛ ብቻ ነው። ደግሞም እንዲሁ የተገኘ አይደለም። ስንት ስብሰባ፣ ስንት ጭብጨባ፣ ስንት እጅ ማውጣት አለበት! የእሳቸው እጅ እንደሆነ ሰብሳቢው «የምትደግፉ» ብሎ ሳይጨርስ አየር ላይ ነው። አንዴ እንዲያውም የሻይ ዕረፍት መድረሱ ሲነገር እጃቸውን አወጡ አሉ። ሌላውም ተከተለ። ሻዩ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሥራቸው በወሬ እንዳይቀር ግን ማስረጃ ላቅርብ። ባነሩ የተሰቀለበት ፖል አለ። የመንገድ መብራት ፖል ነው፤ ቢያንስ ለዚያ ታስቦ ነው የቆመው። አይበራም። ታዲያ እንደ ዋዛ እንዳታዩት። የተከበሩ አባላችንን ከወረዳ አንስቶ አራት ኪሎ ያደረሰ ባለውለታ እሱ ነው።

መጀመሪያ የነዋሪ ጥያቄ ሆኖ ቀረበ። እሳቸውም መጡ፣ ቀና ብለው አዩ፣ «ችግሩን ለይተነዋል» አሉ። (አንገት ያለው ሁሉ ለይቶት ነበር፤ በይፋ ሲለይ ግን ሌላ ነው።) በቀጣዩ ስብሰባ «ልዩ ትኩረት ተሰጥቶታል» ተባለ። ከዚያ ኮሚቴ ተቋቋመለት። ኮሚቴው ጎረቤት ወረዳ ሄዶ የሚበራ ፖል ጎበኘ፣ ልምድ ቀሰመ፣ አበል ወሰደ። ሲመለስም በሪፖርቱ «የጎበኘነው ፖል ከእኛው የሚለየው በመብራቱ ነው» ሲል ገለጸ። ሪፖርቱ አበረታች ነው ተብሎ ጸደቀ።

አምፖሉ ከዚያ በኋላ መጣ። ወዲያው አልተገጠመም። መመረቅ ነበረበታ! ድንኳን ተተከለ፣ ሪባን ተወጠረ፣ የክብር እንግዳ ተጠበቀ። እንግዳው ዘግይተው ስለመጡ ምረቃው እኩለ ቀን ላይ ሆነ። በጠራራ ፀሐይ አምፖል ይብራ አይብራ ማን ያያል? ተጨበጨበ። ሲመሽ ጨለማ ነው። ስንጠይቅ «የዛሬው ማስጀመሪያ ነው፤ ሁለተኛ ምዕራፍ አለው» ተባልን። በሁለተኛው ምዕራፍ ፖሉ ቀለም ተቀባ። በሦስተኛው ቁጥር ተጻፈበት። አሁን የተለየ፣ የተጠና፣ የተመረቀ፣ የተቀባና የተመዘገበ ፖል ነው። የምርጫ ቅስቀሳው ላይ «በመሠረተ ልማት ዘርፍ የካበተ ልምድ ያላቸው» የተባሉትም በእሱ ነው። እኔማ ፍትሕ ቢኖር ፖሉም አብሮ ይመረጥ ነበር ባይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል፤ አይናገርም፤ የለጠፉበትን ሁሉ ይሸከማል። ምኑ ጎደለው?

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። በዚያ ፖል ሥር ማታ የሚማሩ ልጆች ያልፋሉ። ሴቶቹ ተጠባብቀው፣ ስልካቸውን እያበሩ፣ ክዳኑ የተነሳውን ቱቦ በእግራቸው እየዳሰሱ ነው ቤታቸው የሚገቡት። ያንን ጨለማ የሥራ ልምድ ብሎ ፎርም ላይ የሚሞላ ሰው ሊያፍር ይገባል። በዚያው ጨለማ ላይ ባነር ሰቅለን «ልጃችን» ያልነው እኛም እንፈር። ገንዘብ አዋጥተን ያሠራነው ባነር ነው። ለአምፖል ግን ማንም አዋጡ አላለንም፤ እኛም «የት ደረሰ?» ብለን አፍጥጠን አልጠየቅንም።

ወደ ምስጋናው ልመለስ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሦስት ነገር ነው፦ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው። የእኛ ሰው እስከ ዛሬ የሚገዙት ለሰብሳቢው ዓይን ብቻ ነበር። በአንዴ ሦስት አለቃ ሲመጣባቸው ይከብዳል። በተለይ ከኅሊና ጋር አብረው ሠርተው አያውቁም። ትውውቅ ያስፈልጋል፤ የሥልጠና አበል ካለው ደግሞ ይሄዳሉ።

አንቀጽ 12ም አለ። ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት ይችላል ይላል። እሳቸው ግን በዚህ እንቅልፍ አያጡም፤ ያውቁናላ። እኛ ሰው ሲያስቸግረን አናወርድም፣ ወደ ላይ ነው የምናሳልፈው። «ቢያንስ ከዚህ ይነሱልን» ብለው የመረጧቸው አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። በሹክሹክታ ነው እንግዲህ።

ዋናው ጥቅም ግን ወደፊት ነው የሚመጣው። ወረዳ ሳሉ ጥያቄ ስናነሳ «ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን ከእኛ አቅም በላይ ነው። ለበላይ አካል አቅርበናል» ይሉን ነበር። እኛም የበላይ አካሉን ደጅ ደጁን እያየን ስንጠብቅ ኖርን። ይኸው፣ የበላይ አካሉ ራሳቸው ሆኑልን!

ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሥራ ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ ክረምት ላይ ወደ መራጩ ሕዝብ ይወርዳሉ። አዳራሽ እንሰበሰባለን። አንዲት እናት ተነስተው ስለ መብራቱ ይጠይቃሉ። እሳቸውም ማስታወሻ ያወጣሉ፣ እስክሪብቶ ይሞክራሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይጽፋሉ። «እማማ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። እኛ ግን ሕግ አውጪ ነን። ይሄ የታችኛው መዋቅር ሥራ ነው።»

እውነታቸውን ነው፤ አምፖል በአዋጅ አይገጠምም። ቢሆንም ዝም አይሉንም። ለወረዳው ደብዳቤ ይጽፉልናል። ደብዳቤው በቀድሞ ወንበራቸው ላይ የተቀመጠው አዲስ ተመራጭ ዘንድ ይደርሳል። ጎበዝ ልጅ ነው፣ እጁ ፈጣን ነው ይሉታል። እሱም ችግሩን ይለያል። ከዚያ ጉዳዩ ከወረዳው አቅም በላይ መሆኑን ጠቅሶ፣ ማኅተም አሳርፎ፣ ለተከበሩት መልስ ይጽፋል። ግልባጭ፦ ለነዋሪዎች፣ ለመረጃ ያህል።