ረጅሟን ልጅ ቀለበቱ ሥር አታስሯት

ኔትቦልን እዚህ ደሴ ብዙ ሰው አያውቀውም። የቅርጫት ኳስ ዘመድ ነው። በአንድ ቡድን ሰባት ሆነው ይጫወታሉ። ኳስ እያነጠሩ መሮጥ የለም፤ የያዘችው ልጅ በሦስት ሰከንድ ውስጥ መልቀቅ አለባት። ቀለበቱ ከጀርባው ሰሌዳ የለውም። ኡጋንዳ፣ ማላዊና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሴቶች በደንብ ይጫወቱታል፤ የ2023ቱ የዓለም ዋንጫም ኬፕታውን ነበር። ወጪውም ቀላል ነው። ሁለት ምሰሶ፣ ሁለት ቀለበት፣ ኳስና ደልዳላ ቦታ ይበቃል። (ደሴ ላይ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ እሱን ተዉት።)

እና አንዱ ትምህርት ቤት ልጀምረው ቢል ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ አሰልጣኙ ነው። እኛ ጋ ለታዳጊዎች አሰልጣኝ ሲፈለግ "ድሮ ጎበዝ ተጫዋች ነበር" ይባልና ፊሽካ ይሰጠዋል። የ11 ዓመት ልጅ ማሰልጠን ግን ሌላ ሙያ ነው።

በኔትቦል እያንዳንዷ ተጫዋች የተመደበላት ክልል አላት። ከዚያ አትወጣም። ማስቆጠር የሚችሉትም ሁለት ብቻ ናቸው። ታዲያ ለማሸነፍ የቸኮለ አሰልጣኝ ምን ያደርጋል? ረጅሟን ቀለበቱ ሥር ያቆማታል። ፈጣኗን መሀል ላይ ያስሮጣታል። ፈዘዝ ያለችዋን ወንበር ላይ ያስቀምጣታል። ቅዳሜ ያሸንፍ ይሆናል። ግን በ11 ዓመቷ ከሁሉም የረዘመችውን ልጅ በ15 ዓመቷ እኩዮቿ ሊደርሱባት ይችላሉ። ያኔ ወይ መከላከል አልለመደች፣ ወይ መሀል መጫወት አልቻለች። ወንበር ላይ የከረመችውማ ድሮ ቀርታለች። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ቦታ ማቀያየር ግዴታ ይሁን ባይ ነኝ። ሽንፈት ቢያመጣም ያምጣ!

ሌላው ጉልበት ነው። ኳስ ይዞ መራመድ ስለማይፈቀድ ልጆቹ ከሩጫ ድንገት ይቆማሉ። በዚህ ጨዋታ በብዛት የሚጎዳውም ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ነው፤ ሜዳው ሲሚንቶ ሲሆን ደግሞ አስቡት። ከኳሱ በፊት ዘሎ ማረፍ ይማሩ። አሰልጣኙ ከጎን ሳይሆን ፊት ለፊት ቆሞ ይያቸው፤ ልጅቷ ስታርፍ ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ ከተጣጠፉ የሚታየው ከዚያ ነው። ጌጥ በሕጉም አይፈቀድም፣ ጥፍርም አጭር መሆን አለበት። ሂጃብ ያደረገች ልጅ በሂጃቧ ትጫወት፤ በስፒል የተያዘ ግን አይሁን። በረመዳን የጾሙትን ከሰዓት ማስሮጥ የለም።

ወላጅ ልጁን የሚያምነው ሰዓት አይቶ ነው። 11 ሰዓት ያልቃል ከተባለ 11 ሰዓት ይለቅ፤ የመጨረሻዋ ልጅ ባጃጅ እስክትይዝ አሰልጣኙ አይሂድ። ልጅን ብቻዋን ክፍል ውስጥ መያዝ፣ ማታ ማታ በቴሌግራም ለብቻዋ መጻፍ አይሆንም። የሚነገር ነገር ካለ ለእናቷ ይደወል። ለግጥሚያ ኮምቦልቻ ሲወርዱም ሙቀቱ ሌላ ስለሆነ ውሃ ይያዝ፣ የፈቃድ ወረቀት ይሰብሰብ፣ የሚያስመልሳት ልጅ ፊት ትቀመጥ።

ይህን ሁሉ በነጻ ሥራ ማለት ግን ነውር ነው። ብዙዎቹ የታዳጊ አሰልጣኞች የታክሲያቸውን እንኳ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ኳስ የሚገዛ ባለሀብት ሲገኝ የአሰልጣኙም አበል አብሮ ይጠየቅ።